ሥራ ላይ ከተጎዱ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ካሳዎን እንዴት ይጠይቃሉ?

በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተንና በፎልስ ቸርች ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች እንጀራችንን የምናገኘው ባብዛኛው በጉልበታችን ነው። የሆቴል ፍራሽ የሚገለብጡ፣ በዳለስና በሬገን አውሮፕላን ማረፊያዎች ሻንጣ የሚጭኑና ዊልቸር የሚገፉ፣ አረጋውያንን ከአልጋ አንስተው የሚያጥቡ፣ በመጋዘን ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የሚደረድሩ፣ በምግብ ቤት ጓዳ ከጋለ ዘይት ፊት የሚቆሙ ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ወገብና ትከሻ፣ ጣትና ጉልበት የሚያስከፍል ሥራ ነው። ጉዳት ሲደርስ ግን ከአብዛኞቻችን አፍ የሚወጣው «ደህና ነኝ፣ ይሻለኛል» የሚል ቃል ነው። ማናጀሩ እንዳይቀየም፣ ሺፍት እንዳይቀነስ እንሰጋለን። ታይሌኖል ውጠን በማግስቱ እንገባለን።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ሕጓን ያወጣችው በ1918 ሲሆን፣ ሕጉ ከ1919 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ መብት ነው፤ ነገር ግን ላልጠየቀ ሰው በራሱ ጊዜ ቤቱ ድረስ አይመጣም። ደግሞም በዝምታ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ለአለቃቸው የተናገሩ፣ ሐኪም ቤት የሄዱ፣ ወረቀት የፈረሙ ሰዎች ሳይቀሩ አንዲት ማመልከቻ በስማቸው ባለማስገባታቸው ብቻ መብታቸው ያልፍባቸዋል። ወደዚች ማመልከቻ በኋላ በስፋት እመለሳለሁ።

ካሳው ምን ይሰጥዎታል?

በመጀመሪያ፣ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ቸኩለው እየሄዱ ቢወድቁም፣ የሥራ ባልደረባዎ ሳያይ ጋሪ ቢገፋብዎትም መብቱ የእርስዎ ነው። ሕጉ የሚነፍገው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳን፣ ሰክሮ ወይም ዕፅ ወስዶ በዚያ ምክንያት የተጎዳን፣ የሚያውቀውን የደኅንነት ደንብ ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ነው። በልዋጩ አሠሪዎን በፍርድ ቤት በቸልተኝነት መክሰስ አይችሉም። ጉዳቱን ያደረሰው ከድርጅቱ ውጭ ያለ ሰው ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ዕቃ ሲያደርሱ ሌላ መኪና ከገጨዎት፣ ያንን ሰው መክሰስ ይቻላል። ታዲያ የካሳው ኢንሹራንስ ሳያውቅና ሳይስማማ ከዚያ ሰው ጋር እንዳይታረቁ፤ የካሳ መብትዎን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ሁለተኛው ሕክምና ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ሕክምና ሁሉ፣ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ ፊዚዮቴራፒው፣ አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ ልክ ይሸፈናል። ከኪስዎ የሚከፍሉት ኮፔይ የለም። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ለሚነዱት መንገድ እንኳ በማይል ተሰልቶ ይመለስልዎታል። «የጤና ኢንሹራንስ አለኝ፣ በእሱ እታከማለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። የጤና ኢንሹራንሶች ግን ባብዛኛው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት አንከፍልም ነው የሚሉት፤ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ በእርስዎ ስም ይመጣል። ዛሬ ቀላል የመሰለ የወገብ ሕመም ከሦስት ዓመት በኋላ ቀዶ ጥገና ቢፈልግ፣ ዛሬ ያስመዘገበና ያላስመዘገበ ሰው ዕጣ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ሦስተኛው ሳምንታዊ ክፍያ ነው። ሐኪሙ ከሥራ ካገድዎት ከጉዳቱ በፊት በነበሩት 52 ሳምንታት ያገኙ ከነበረው አማካይ ሳምንታዊ ደመወዝ ሁለት ሦስተኛው ይከፈልዎታል። ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ደመወዝ ከነኦቨርታይሙ ነው የሚታሰበው። በሳምንት 900 ዶላር ያገኙ ከነበረ 600 ዶላር ማለት ነው፤ በዚህ ላይ የገቢ ታክስ አይጣልበትም። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አይከፈሉም፤ ከሥራ ውጭ የቆዩበት ጊዜ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን እነሱም ተመልሰው ይከፈላሉ። ክፍያው እስከ 500 ሳምንት ሊሄድ ይችላል፤ ከፍተኛው የሳምንት ጣሪያ በየዓመቱ በጁላይ 1 ይታደሳል።

ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ ማለትም ለብዙዎቻችን፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ቨርጂኒያ የሁለቱን ሥራ ደመወዝ የምትደምረው ሥራዎቹ በጠባያቸው ሲመሳሰሉ ነው። በሁለት ድርጅቶች በኩል አረጋውያንን የምትንከባከብ ሴት በአንዱ ቤት ብትጎዳ የሁለቱም ደመወዝ ሊታሰብላት ይችላል፤ ስለዚህ የሁለቱንም የደመወዝ ወረቀት ታቅርብ። ቀን ፓርኪንግ ሠርቶ ማታ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ግን የሚታሰብለት የተጎዳበት ሥራ ደመወዝ ብቻ ነው። ኢፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

አራተኛው ለዘለቄታው ለጠፋ የአካል አገልግሎት የሚከፈለው ነው። ሕጉ የተወሰኑ የአካል ክፍሎችን ዘርዝሮ በሳምንት ተምኗል፦ አውራ ጣት 60 ሳምንት፣ ሌባ ጣት 35፣ እጅ 150፣ እግር ከነቅልጥሙ 175፣ ዓይን 100። አውራ ጣትዎ ድኖ ሐኪሙ «20 በመቶ አገልግሎቱን አጥቷል» ካለ፣ የ60 ሳምንት 20 በመቶ 12 ሳምንት ነው፤ ሳምንታዊ ክፍያዎ 600 ከሆነ 7,200 ዶላር ይሆናል። ይህ ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላም የሚጠየቅ ገንዘብ ነው። ማንም ደውሎ አይነግርዎትም፤ እርስዎ ነዎት የሚጠይቁት። ወገብና አንገት ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

ሠራተኛው ከሞተ ለባለቤቱና ለልጆቹ ሳምንታዊ ክፍያ እስከ 500 ሳምንት ይሰጣል፤ ለቀብር እስከ 10,000 ዶላር፣ አስከሬን ለማጓጓዝ ደግሞ እስከ 1,000 ዶላር ይከፈላል። አስከሬን አገር ቤት መላክ ስንት እንደሚያስወጣ ለሚያውቅ ማኅበረሰብ የመጨረሻው ቁጥር ትንሽ ነው። የሳምንታዊው ክፍያ መብት ግን ልጆች ያሳድጋል። እድርና ቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሲሰበስቡ «ሥራ ላይ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖር እመኛለሁ።

ስለ ፍርሃታችን

«ቢያባርሩኝስ?» ካሳ በመጠየቁ ምክንያት ሠራተኛን ማባረር በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ የተባረረ ሰው በፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። «ወረቀቴ ገና ነው» ለሚል ሰው ደግሞ፣ ሕጉ ሠራተኛ ሲል የሥራ ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም የውጭ አገር ሰው በግልጽ ይጨምራል። ፈቃድ የሌለው ሰው ሐኪሙ ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል ካለ በኋላ ባለው ክፍያ ላይ ገደብ ሊገጥመው ስለሚችል ጠበቃ ቢያማክር ይሻላል፤ ሕክምናው ግን አይነፈገውም። «አለቃዬ ደግ ሰው ነው፣ ኪሱን አልጎዳም» የሚለውም አለ። የሚከፍለው አለቃው አስቀድሞ የገባው ኢንሹራንስ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ይህን ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። ካልገባም ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ የተቋቋመ የግዛቱ ፈንድ አለ። ይህ የመንግሥት ድጎማም አይደለም፤ በሥራዎ ያገኙት ዋስትና ነው።

1099 ይዘው የሚሠሩ ሰዎች ጉዳይ ይከብዳል። በእርግጥ በራሱ የሚሠራ ሰው በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ሆኖም ወሳኙ የታክስ ወረቀቱ ስም ብቻ አይደለም። መቼ እንደሚገቡ፣ ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩ የሚያዝዎት ሌላ ሰው ከሆነ፣ «ኮንትራክተር ነህ» ስለተባሉ ብቻ ተስፋ አይቁረጡ። ጉዳት ሲደርስብዎት በተራ የሚያደርጉት ደግሞ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ በዚያው ቀን ይናገሩ፣ ይጻፉም

ሕጉ ለአሠሪ በጽሑፍ ለማሳወቅ 30 ቀን ይሰጣል። 30 ቀን አይጠብቁ፤ በዘገየ ቁጥር «ቤቱ ሆኖ ነው የተጎዳው» የሚል ጥርጣሬ ይመጣል። ለማናጀርዎ ወይም ለሱፐርቫይዘርዎ በቃል ከነገሩ በኋላ ወዲያውኑ በቴክስት ወይም በኢሜይል ያረጋግጡ። እንግሊዝኛው ባያምር ግድ የለም። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ምን ሲሠሩ እንደነበር፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደተጎዳ ይኑርበት። ሁሉንም የተጎዳ ክፍል ይጥቀሱ፤ እጅዎን ብቻ ጽፈው ትከሻዎን ከተዉ ትከሻው ኋላ ሙግት ይሆናል። ቴክስቱን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን ይያዙ፤ ሥራ ሊለቅ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ለሐኪሙ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ይናገሩ

ቨርጂኒያ ላይ ብዙ ጉዳይ የሚወድቀው እዚህ ነው። የግዛቱ ሕግ የሚሸፍነው በአንድ በታወቀ ጊዜ፣ በአንድ በታወቀ ድርጊት የደረሰን ድንገተኛ ጉዳት ነው። «ወገቤን ለወራት ሲያመኝ ቆየ» የሚል ታሪክ፣ ከጥቂት የሥራ በሽታዎች በቀር፣ አይሸፈንም። ጉዳቱ ከሥራው አደጋ ጋር መገናኘትም አለበት። «ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ» ያለ ሰው ሊከለከል ይችላል፤ የማንም ሰው ጉልበት በማንኛውም ደረጃ ላይ ሊከዳ ይችላልና። «ሁለት ከረጢት ቆሻሻ ይዤ እየወረድሁ ደረጃው ላይ የፈሰሰ ውኃ አንሸራተተኝ» ያለ ሰው ግን የሥራውን አደጋ አሳይቷል። እውነቱን ነው መናገር ያለብዎት፣ አንዲት ቃል ሳይጨምሩ፤ ነገር ግን እውነቱን ሙሉውን ይናገሩት። በኢመርጀንሲ ክፍል ነርሷ የምትጽፈው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በኋላ ከእርስዎ ምስክርነት በላይ ሊታመን ይችላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅዎን አያስተርጉሙ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ «ወገቡን አመመው» ብሎ ባጭሩ ቢጨርሰው አይፈረድበትም፤ ጉዳቱ ግን ለእርስዎ ነው።

ድንገተኛ ሕክምና ከሆነ በቀጥታ ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚያ በኋላ አሠሪው ወይም ኢንሹራንሱ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር ሊሰጥዎት ይገባል፤ ከሦስቱ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። አንድ ክሊኒክ ብቻ ጠቅሶ «እዚያ ሂድ» ማለት ዝርዝር መስጠት አይደለም። ዝርዝር ካልሰጡዎት የራስዎን ሐኪም መምረጥ ይችላሉ። አንዴ ከመረጡ በኋላ ግን ያለፈቃድ ሐኪም መቀያየር አይቻልም፤ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ስለ ሦስቱም ይጠይቁ። ከሥራ የሚያግድዎትን ወይም ክብደት የሚወስንልዎትን ወረቀት በእያንዳንዱ ቀጠሮ በጽሑፍ ይቀበሉ። ያለ ሐኪም ወረቀት ቤት የተቀመጡበት ሳምንት አይከፈልም።

ሦስተኛ፦ ማመልከቻውን በራስዎ ስም ለኮሚሽኑ ያስገቡ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህንን ይያዙ። አሠሪዎ ለኢንሹራንሱ ያስተላለፈው ሪፖርት የእርስዎ ማመልከቻ አይደለም። ኢንሹራንሱ የጉዳይ ቁጥር ሰጥቶዎት፣ ሐኪም ከፍሎልዎት፣ ቼክ ልኮልዎት ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማመልከቻ አይደለም። ማመልከቻ የሚባለው እርስዎ ፈርመው ሪችመንድ ለሚገኘው የቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን የሚያስገቡት ክሌይም ፎርም ነው። ጊዜው ከተጎዱበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ፎርሙ ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ ይገኛል፤ በኢንተርኔት፣ በፖስታ፣ በፋክስ ወይም በአካል ማስገባት ይቻላል፤ ለማስገባት ገንዘብ አይከፈልም።

አንዳንድ ሰው «እየከፈሉኝ ነው፣ ለምን አስቸግራለሁ?» ይላል። አደገኛው ሁኔታ ይህ ነው። ኢንሹራንሱ በፈቃዱ ይከፍላል፣ ሠራተኛው ይረጋጋል፣ ሁለቱ ዓመት ያልፋል፣ ከዚያ ክፍያው ይቆማል። በፈቃዱ የከፈለ በፈቃዱ ያቆማል። በኮሚሽኑ የጸና ትእዛዝ በእጅዎ ካለ ግን፣ ኢንሹራንሱ ክፍያውን ለማቆም በሕጉ የተቀመጠውን መንገድ መከተል አለበት። ስለዚህ ሁሉም ነገር ደህና እየሄደ ቢመስልም ማመልከቻውን ያስገቡ። በተለይ ደህና እየሄደ ሲመስል።

ፎርሙ ላይ የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ሁሉ ይዘርዝሩ፤ የሚፈልጉትንም፣ ሕክምናውንና የጠፋውን ደመወዝ፣ ያመልክቱ። ቅጂውንና ማስገባትዎን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ያስቀምጡ። አድራሻ ከቀየሩ ለኮሚሽኑ ያሳውቁ፤ በአሮጌ አድራሻ የተላከ የችሎት ቀጠሮ ብዙ ሰው አሳጥቷል።

አራተኛ፦ የኢንሹራንሱ ስልክ ሲደወል

የኢንሹራንሱ አድጀስተር ደውሎ ቃልዎን በድምፅ ልቅረጽ ይላል። ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራው ግን ለኢንሹራንሱ ነው። በሥራ መሐል ወይም መኪና እየነዱ አይመልሱ። ቀጠሮ ይስጡት፣ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ከቻሉ አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ። ያልገባዎትን ጥያቄ «አዎ» ብለው አይለፉ። በእኛ ባህል ለጨዋነት የምንለው «አዎ፣ እሺ» በዚያ ቅጂ ላይ ስምምነት ሆኖ ነው የሚጻፈው። ድሮ የነበረ የወገብ ሕመም ካለ አይደብቁ፤ የድሮ ሕመምን ሥራ ካባባሰው ይሸፈናል፣ ተደብቆ ከተገኘ ግን ታማኝነትዎ ይጠፋል።

አምስተኛ፦ ቀላል ሥራ ሲሰጥዎት

ሐኪሙ «ከ10 ፓውንድ በላይ አያንሳ» ካለና አሠሪው ከዚያ ጋር የሚስማማ ሥራ ካቀረበ፣ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ክፍያዎን ያስቆማል። በቀላሉ ሥራ የሚያገኙት ካነሰ የልዩነቱን ሁለት ሦስተኛ ይከፈልዎታል። 900 ያገኙ የነበሩ ሰው 500 ቢያገኙ፣ ልዩነቱ 400 ነው፤ 267 ዶላር ያህል ይጨመርልዎታል። ከተፈቀደልዎ በላይ አንሱ ቢሉዎት የሐኪሙን ወረቀት አሳይተው በትሕትና እምቢ ይበሉ። አሠሪው ቀላል ሥራ ከሌለውና የኮሚሽኑ ትእዛዝ ገና ካልወጣልዎት፣ ቨርጂኒያ እርስዎ ራስዎ ሥራ እንዲፈልጉ ትጠብቃለች። የጠየቁበትን ድርጅት፣ ቀኑንና የተሰጠዎትን መልስ በደብተር ይጻፉ፤ ያ ደብተር በችሎት ላይ ገንዘብ ነው።

ስድስተኛ፦ ከመፈረም በፊት

የስምምነት ወረቀት ሲመጣ ሁለት ዓይነት መሆኑን ይወቁ። አንዱ ጉዳቱንና ሳምንታዊ ክፍያውን የሚያጸና ነው፤ ይህ ጥሩ ነው፣ የደመወዙ ስሌት ትክክል መሆኑንና የተጎዳው ክፍል በሙሉ መኖሩን አይተው ይፈርሙ። ሌላው በአንድ ጊዜ ገንዘብ ሰጥቶ ጉዳዩን ለዘለዓለም የሚዘጋ ነው። 15,000 ዶላር ባንድ ላይ ሲታይ ብዙ ነው፤ ግን ባብዛኛው የዕድሜ ልክ ሕክምናውን ሸጠው ነው የሚወስዱት። ወገቡ ገና ያልዳነ ሰው ይህን ወረቀት ያለ ጠበቃ እንዳይፈርም አጥብቄ እለምናለሁ።

ቢከለከሉ

የኢንሹራንሱ እምቢታ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ኮሚሽኑ ዘንድ ችሎት መጠየቅ ይቻላል፤ ለችሎቱ አስተርጓሚ ኮሚሽኑ ያለ ክፍያ ያቀርባል፣ ማመልከቻ ሲያስገቡ አማርኛ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። ጠበቃ ለሌላቸው ሰዎች ሂደቱን በነጻ የሚያስረዳ የእንባ ጠባቂ ክፍልም ኮሚሽኑ አለው። የጠበቃ ክፍያን የሚያጸድቀው ኮሚሽኑ ነው፤ የሚከፈለውም ባብዛኛው ከሚገኘው ካሳ ላይ ወደ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ «ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም» የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ትእዛዝ ካገኙ በኋላ ወደ ሥራ ተመልሰው ሕመሙ ቢያገረሽ፣ በትእዛዙ መሠረት ካሳ ከተከፈለለት የመጨረሻ ቀን አንስቶ በ2 ዓመት ውስጥ እንደገና ደመወዝ መጠየቅ ይቻላል። ለዘለቄታዊ የአካል ጉዳት ይህ ጊዜ 36 ወር ነው።

ወንዙን ለሚሻገሩ

ብዙዎቻችን ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርን ቨርጂኒያ፣ ወይም አሌክሳንድሪያ እየኖርን ዲሲ እንሠራለን። ባብዛኛው የሚታየው የተጎዱበት ቦታ እንጂ የሚኖሩበት አይደለም፤ ጊዜውም ይለያያል። ሜሪላንድ ላይ ለአሠሪ የማሳወቂያው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው። ዲሲ ላይ ማሳወቂያው 30 ቀን ቢሆንም ማመልከቻ ለማስገባት ያለው ጊዜ 1 ዓመት ነው። በሁለቱም ሐኪምዎን ራስዎ ይመርጣሉ፤ የሦስት ሐኪሞች ዝርዝር የቨርጂኒያ ነገር ነው።

ይህን ሲያነቡ ያለፈው ዓመት ጉዳትዎ ትዝ ካለዎት፣ የተጎዱበትን ቀን ከድሮ ቴክስትዎ ወይም ከሐኪም ወረቀትዎ ይፈልጉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆነና 2 ዓመት ካልሞላ፣ 30 ቀኑ ቢያልፍም እንኳ አለቃዎ በጊዜው ያውቅ ከነበረ ጉዳይዎ ሊታይ ይችላል። ፎርሙን በዚህ ሳምንት ያስገቡ።